አሮጊቷ ላይ የተሠራ

፩

አልከፈተም።

፪

ያልከፈተው የዳምጠው ፕሮግራም ነው፤ ተማሪዎችን ሒሳብ የሚያለማምድ። በዳምጠው ኮምፒውተር ላይ ጥሩ አድርጎ ይሠራል። የሥራ ባልደረባው ትርሲት ግን ለትምህርት ቤቶች በሚላኩት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ሞከረችው። ሁሉም የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል ሲስተም ነው፤ የሲስተሙ ዓይነትና ዕድሜ ግን ለየቅል ነው።

ኡቡንቱ፦ ከፈተ።
ፌዶራ፦ አልከፈተም።
ዴቢያን፦ አልከፈተም።

፫

የሌላው ባልደረባው፣ የኪሩቤል ፕሮግራም፦

ከፈተ።

ከፈተ።

ከፈተ።

(ሦስት ጊዜ የጻፍኩት ዳምጠው ሦስት ጊዜ ስለሰማው ነው። በሦስተኛው ትርሲት አጨበጨበች።)

፬

ትርሲት፦ አንተ ኪሩቤል! ምን አስነክተኸው ነው?
ኪሩቤል፦ ምንም። አሮጊቷ ላይ ነው የሠራሁት።
ዳምጠው፦ የቷ አሮጊት?
ኪሩቤል፦ ጥግ ያለችዋ ማሽን ናታ! አዲስ ሲስተም ላይ የሠራኸው ፕሮግራም አሮጌው ላይ የሌለ ፋይል ይፈልጋል። አሮጌው ላይ የሠራኸው ግን አዲሱም ላይ ይሄዳል። ና ዳሜ፣ ወንበሩን ልልቀቅልህ፤ ያንተንም ኮድ አምጥተህ እሷ ላይ እንደገና ሥራው፤ የደቂቃዎች ነገር ነው።
ትርሲት፦ አየህ ልቡን!
ዳምጠው፦ እ… አይ፣ ደህና ነኝ።

፭

ደህና አልነበረም።

ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ማሽኖቹን ሲከፋፈሉ አዲሱን ቀድሞ የያዘው፣ አሮጊቷንም «ሙዚየም» ብሎ ለኪሩቤል የተወለት ራሱ ነው። እሱ አይደለም ያንገበገበው። «አየህ ልቡን» ነው።

ልቡን።

፮

ቅዳሜ። ኪሩቤል ኮምቦልቻ፣ እናቱ ዘንድ ሄዷል። ሰኞ ጠዋት ተመልሶ አንዲት ስሕተት አርሞ ፕሮግራሙን አሮጊቷ ላይ እንደገና ይሠራዋል። ከዚያ አለቃቸው ጋሽ አበባው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ፤ ለትምህርት ቤቶቹ የሚደርሰው እሱ ብቻ ነው።

ጋሽ አበባው ኮታቸውን እየደረቡ፣ «ዳምጠው፣ የቢሮውን ማሽኖች ወደ አዲሱ ሲስተም አሻግራቸው እስቲ» አሉ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም ነዋ! ምነው?»

አፉን ከፈተ።

ዘጋው።

፯

የቀሩትን ጨርሶ አሮጊቷ ፊት ተቀምጧል፤ ኪሩቤል ሊለቅለት በነበረው ወንበር ላይ። የራሱ ፕሮግራም ኮድ ኪሱ ውስጥ፣ ፍላሽ ላይ አለ። አሁኑኑ እዚሁ ቢሠራው ይከፍታል። አሮጊቷን ካሻገራት ግን ሰኞ ኪሩቤል እሷ ላይ የሚሠራው፦ አልከፈተም። ዳምጠውን ማንም አይወቅሰውም። ታዞ ነው።

ስልኩ ጠራ፤ ኪሩቤል ነው።

«ዳሜ፣ ያንተን ሠራኸው እንዴ? ሰኞ አብረን እናሳያቸዋለን እኮ!»

«እ… እየሠራሁ ነው።»

፰

ስክሪኑ፦ ወደ አዲሱ ሲስተም ማሻገሩን ልቀጥል? አዎ / አይ

ዳምጠው፦