የዲያቆን ሉሺየስ ውሻ

"ዲያቆን፣ ተነሱ እንጂ! ሕዝቡ ይይዎት!"

አስጎብኚዋ ዴኒታ በድምፅ ማጉያው ስትጣራ አውቶቡሱ ከመናፈሻው ጥግ ቆሞ ነበር። ሠላሳ አራት የበርሚንግሃም ምእመናን አንገታቸውን ወደ አራተኛው ረድፍ አዞሩ። ዲያቆን ሉሺየስ ብራንትሊ ግን እንደ ወትሯቸው ብድግ አላሉም። ከጎናቸው ታላቅ እህታቸው ሚስ ቬርኔታ፣ በመስኮቱ መናፈሻው ውስጥ የቆሙትን የፖሊስ ውሾች የብረት ሐውልቶች ያያሉ።

ዲያቆኑ በየዓመቱ በመታሰቢያው እሁድ ምስክርነት ይሰጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ጥቁር ልጆች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው መብታቸውን ሲጠይቁ ፖሊስ እንዴት ውሻና የእሳት አደጋ ቧንቧ ውሃ እንደለቀቀባቸው፣ እንዴት እንደታሰሩ። የምስክርነቱ አጀማመር ግን እንዲህ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ፓስተሩ "ያኔ የታሰራችሁ ተነሱ!" ሲሉ፣ ሉሺየስ በዚያችው ቅጽበት ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ተነሡ። ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው። ሰው እየተጨበጨበለት "ሽንቴ መጥቶ ነው" እንዴት ይላል? ቆመው ቀሩ። በሚቀጥለው ዓመት ምስክርነት አንድ ሌሊት ታስረው ነበር። በአምስተኛው ዓመት ሦስት ሌሊት። ባለፈው ዓመት የነከሳቸው የፖሊስ ውሻ ስም ሁሉ ነበረው፤ ሬክስ። በእርግጥ እሳቸው ብቻ አይደሉም። በዚያች ከተማ "ሰልፍ ወጥቼ ነበር" የሚለው ሁሉ እውነት ወጥቶ ቢሆን፣ የሰልፉ ጭራ አትላንታ በደረሰ።

የታሰሩት ሚስ ቬርኔታ ናቸው፤ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው፣ ሰባት ቀን። የዕድሜያቸውን እኩሌታ ዲትሮይት ኖረው ስለተመለሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ማንም አያውቅም። ወንድማቸው ለጭብጨባ በቆሙበት እሁድ እሳቸው ጓዳ ሆነው ለምእመኑ ምሳ ዓሣ ይጠብሱ ነበር። ነገሩን ከሰሙም በኋላ አላጋለጧቸውም።

ዛሬ ግን ነገሩ ከምስክርነት ያልፋል። በመጨረሻው ፌርማታ የታሪክ መዝገብ ሠራተኞች መቅረጫ ዘርግተው እየጠበቁ ነው። የተያዘው የአንድ ሰው ቀጠሮ ብቻ ነው፤ የሉሺየስ ብራንትሊ። እዚያ የተባለው ሁሉ ለልጅ ልጅ ይቀመጣል።

"ጉልበትዎን አሞዎት ነው?" አሉ እህት ዩላ ከኋላ። የቤተ ክርስቲያኑ አስተናጋጆች ኃላፊ ናቸው፤ ነጭ ጓንታቸውን አውቶቡስ ውስጥም አላወለቁም። "የሬክስን ይንገሩን! እነዚህ ከቺካጎ የመጡት የእህቴ ልጆች አልሰሙም።"

"ተናገሩ፣ ዲያቆን!" አለ አንዱ።

"አሜን!" አለ ሌላው፣ ገና ምንም ሳይባል።

ሉሺየስ ወደ እህታቸው ጠጋ ብለው "እትዬ፣ ምን ልበል?" አሉ በሹክሹክታ።

"እኔ ምን አውቄ? ውሻው ያንተ ነው።"

"ትስቂያለሽ አይደል?"

"ስስቅ አይደል እንዴ የኖርኩት! ስም ስታወጣለትማ አግዳሚው ሥር ልገባ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

ሚስ ቬርኔታ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ፣ "አንተ ስታወራው ይሞቅሃል" አሉ። "እኔ ሳወራው ይበርደኛል። ያ ውሃ እስካሁን ይበርደኛል።"

ሉሺየስ የፊተኛውን ወንበር ተደግፈው ተነሡ። ጭብጨባው ሲጀመር በእጃቸው አስቆሙት።

"ውሻ አልነከሰኝም" አሉ። "አልታሰርኩም። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ነበርኩ። መምህርታችን ልጆቹ በመስኮት እንዲወጡ ብላ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። መልሳ ስትዞር የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። አየችኝና 'እንግዲህ ብራንትሊ፣ ማካፈል እንሥራ' አለች። እስከ ደወል ድረስ ማካፈል ሠራሁ። ፈርቼ ነው።"

እጃቸውን በእህታቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ።

"በውሃ ከግድግዳ ጋር ያላተሟት፣ ሰባት ቀን ያሰሯት ይቺ ናት። እኔ በፈለግኩት ትምህርት ቤት ልጆቼን ያስተማርኩት፣ ፖስታ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁት፣ ሳልፈራ ድምፅ የሰጠሁት እሷና እኩዮቿ በከፈቱልኝ በር ነው። 'አመሰግናለሁ' ማለት ነበር የሚገባኝ። እኔ ግን ታሪኳን ለብሼው ዞርኩ።"

"ቆይ ቆይ" አሉ እህት ዩላ። "ሬክስስ?"

"ሬክስ የጎረቤታችን ውሻ ነበር። ጥርስ አልነበረውም።"

"እኔ እኮ ሁለት ጊዜ አልቅሻለሁ!"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እህት ዩላ።"

"ይቅርታውን እግዜር ይስጥዎት። እኔ እንባዬን ይመልሱልኝ!"

ከኋላ የጀመረ ሳቅ እስከ ሾፌሩ ደረሰ። እህት ዩላ ግን መተላለፊያው መሃል ቆመው ነጭ ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ቀስ አድርገው ወደ ላይ አነሡ። ሃያ ዓመት ምእመኑን በዚያ እጅ ሲያስነሡና ሲያስቀምጡ ኖረዋል፤ ማንም ቃል አልጠበቀም። አውቶቡሱ በሞላ ለሚስ ቬርኔታ ተነሣ።

"ኧረ ተቀመጡ! መኪናው ይገለበጣል" አሉ ሚስ ቬርኔታ፣ መሀረባቸውን ሲፈልጉ።

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሲደርሱ ዴኒታ ቀጠሮው ላይ ያለውን ስም ሰረዘችና "ሚስ ቬርኔታ፣ ይቀረጻሉ?" ብላ ጠየቀች።

"ከማላውቀው ሰው ጋር አላወራም። ይሄ ከገባ ግን እገባለሁ" አሉ ወንድማቸውን በአገጫቸው እያመለከቱ።

ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ማይክሮፎን። የመዝገቡ ሠራተኛ መቅረጫውን ከፍቶ "ከየት እንጀምር?" አለ። ሚስ ቬርኔታ እጃቸውን አጣጥፈው ወንድማቸውን አዩ። ሉሺየስ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያወሩት፣ እህታቸውን አንዲት ጥያቄ እንኳ ጠይቀዋቸው አያውቁም።

እህት ዩላ በሩን ገፋ አድርገው ብቅ አሉ። "ዲያቆን፣ እኛ ለምሳ መሄዳችን ነው። የአሳማ ጎድን ጥብስ ነው፤ ኋላ አልቆ እንዳያገኙት!"

"ሂዱ፣ ለእኔ አታስቀምጡ" አሉ ሉሺየስ። በሩን ዘግተው ወንበራቸውን ወደ እህታቸው አስጠጉ።

"እትዬ" አሉ፣ "የመጀመሪያዋን ሌሊት የት አሳደሩሽ?"