ጅረቱ የተመለሰበት ፋሲካ

በፋሲካ ቀን ከተማችን ለሁለት ትከፈላለች፤ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር። ቄሱ አፈርና የወይን ጠጅ የታጨቀባትን ከባድ የቆዳ ኳስ መሀል መንገድ ላይ ይጥሏታል፤ ከዚያማ ማን ማንን ይሰማል! ላዮቹ ወደ ላይኛው ጅረት ይገፏታል፣ እኛ ታቾቹ ወደ ታችኛው። የራሱን ጅረት ያሻገራት ወገን ኳሷን በዓመቱ ከሞቱበት ሰዎች በአንዱ መቃብር ላይ ያኖራታል።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ላይ ሰፈር ነው፤ ያገባሁት ግን ታች። የባሌ አባት፣ አባባ ኦኒሴ፣ በበረዶው ወራት አረፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያወሩት አንድ ነገር ነበር። «የሻይ እርሻው ሹሞች ጅረታችንን በሲሚንቶ ቦይ ባያርቁብን መች እንሸነፍ ነበር? በአሮጌው ወፍጮ በኩል ነበር የሚያልፈው! ወፍጮ ያለ ውሃ ማን ይሠራል?» ሰው ይስቅባቸው ነበር። ባለቤታቸው እማማ ፔላጊያ ዘንድሮ የለመኑን አንድ ነገር ነው፤ ኳሷ መቃብራቸው ላይ እንድታርፍ።

ሰሞኑን ዝናቡ አላባራም ነበር። ወንዱ ሁሉ በጭቃ ተለውሶ ይተፋፈጋል፤ እኔ ከዳር ሆኜ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ እጮኻለሁ።

«አንቺ ከሃዲ!» አለኝ ታላቅ ወንድሜ ቫርላም፣ የላዮቹ አለቃ፣ ከግፊያው መሀል። «በግ አርደን የዳርንሽ ለታች ሰፈር እንድትጮኺ ነው?»

«አፍህን ትተህ ግፋ!» አልኩት።

ግፊያው ወደ ወፍጮው ተንከባለለ። ድንገት ፊት ፊት ያሉት ቦጭረቅ አሉ! ውሃ! ባሌ ኳሷን እንዳቀፈ በወዲያኛው ዳር ወጣ።

«ተሻገረች!» አልን በአንድ ድምፅ።

«የለም!» ቫርላም ውሃው ውስጥ ቆሞ አገሳ። «ይሄ የዝናብ ጎርፍ ነው! ጅረቱ ገና እታች ነው!»

ሰው ወደ ሲሚንቶው ቦይ ሮጠ፤ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ሮጥኩ። ከላይ በኩል ቦዩ ተደርምሷል። ታች ጠብታ ውሃ የለም፤ ትንንሽ ዓሦች ሲሚንቶው ላይ ይፈራገጣሉ።

ስንመለስ እማማ ፔላጊያ ከዘራቸውን ተደግፈው ውሃው ዳር ቆመዋል። «ቫርላም ልጄ፣ ቦዩ ደርቋል አሉ። ታዲያ እስከ ወገብህ ያራሰህ ማነው?»

ቫርላም ውሃውን አየ። ወፍጮውን አየ። መጀመሪያ የሳቁት የራሱ ሰዎች ናቸው፤ ከዚያ እሱም ሳቀ። ወጥቶ ኳሷን ከባሌ ተቀበለና በትከሻው ተሸክሞ ወደ መቃብሩ ቀደመን። በጭቃ እጁ፣ ለፋሲካ መቃብሩ ላይ ካኖርናቸው ቀይ እንቁላሎች አጠገብ አስቀመጣት።

«አባባ ኦኒሴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

እማማ ፔላጊያ የመቃብሩን ድንጋይ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። እኔ እየሳቅኩ አለቅሳለሁ።

«ጅረትህ መጣልህ እኮ! በል፣ አሁን እንኳ አርፈህ ተኛ» አሉት እማማ ባላቸውን።