ውዴ የማን ልጅ ናት?

የልጅ ልጄን ወንጌላዊትን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ዓባይ ማዶ ቤታችን ሲመጡ፣ እኔን ከበሩ ጥግ በርጩማ ላይ ጎለቱኝ። ያሳደግኋት እኔ! ሲነጋገሩ ወደኔ ዞር ያለ የለም። ፊደል አልቆጠረችም፣ ምን ታውቃለች ብለው ነዋ።

የፈለጉኝ ዘር ሲቆጠር ብቻ ነው። ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ እሱን ደግሞ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። በአባቷ በኩል ጨርሼ በእናቷ በኩል ስወጣ ከራሴ አያት ከውዴ ላይ ደረስሁ።

«ውዴ የማን ልጅ ናት?» አሉ አቶ ገድሉ፣ የልጁ የምናሴ አባት። አባት በሽምግልና መምጣት አይገባውም ነበር፤ ሽማግሌዎቹን አላምን ብለው ተከትለው መጡ። ፓሪስ ተምረው ከተመለሱ ሠላሳ ዓመት ሆናቸው፤ እስካሁን ግን ከአውሮፕላኑ አልወረዱም።

«የአባቷን ስም አላውቅም» አልሁ። «በልጅነቷ ፈንጋይ ካገሯ ሰርቆ ሸጧት ደቅ ደሴት የመጣች ናት። ውዴ ያሏትም ጌቶቿ ናቸው።»

ምን ያሳፍረኛል? የሰረቃት ይፈር።

አቶ ገድሉ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉና ወደ ዋናው ሽማግሌ ወደ አቶ ወልደ ጻድቅ ዘንበል ብለው፣ «እንግዲህ ነገሩ... ኤስክላቫዥ ነው» አሉ። አቶ ወልደ ጻድቅም የገባቸው መስለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን ማለት ነው?» አልሁ።

«ይተዉት እማማ፣ የትምህርት ቃል ነው።»

ወንጌላዊት ፈረንሳዮችን በጀልባ ወደ ገዳማቱ የምትወስድ አስጎብኚ መሆኗን ረስተውታል። ሳህን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች።

«ባርነት ማለት ነው እማየ።»

«የቃሉ ባለቤቶች፣ ፈረንሳዮቹ፣ ለምን ለምን ይሉታል?»

«ለባርያ ንግዱ ይሉታል። የቢሮ ሥራ ሲበዛባቸውም ይሉታል፤ ስልክ አልላቀቅ ሲላቸውም።»

ሳቅሁ። አንቱታውንም እዚያው ጣልሁት።

«ስልክ! ሰማህ ገድሉ? ቃሉ ምን አደረገ፤ ለባለቤቶቹ ይሁናቸው። አንተ ግን እንደ ጓንት ነው ያጠለቅኸው። የአያቴን ልጆች ከጉያዋ እየነጠቁ ለሰርግ ስጦታ ሰጥተዋቸዋል። ባርያ ማለት አፍህን ካቆሸሸው፣ ልብህ ውስጥ እንዴት ተመቸው?»

«እንዲያ አይደለም እማማ። ቀጠሮውን ለሌላ ጊዜ እናሸጋግረው ለማለት ነው...»

«ለመቼ? ውዴ አባት እስክታገኝ?»

ወንጌላዊት ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ደጅ አየች። ምናሴ ሽማግሌዎቹን በመኪና አድርሶ ደጅ ቆሟል፤ ምስኪን፣ እልልታ ይጠብቃል። አባቱ በፈረንጅ አፍ እንደፈረደበት አያውቅም። ማታ «አልተስማማንም» ይሉታል፤ በቃ፣ እኛ እንቢ ያልን መስሎት ይኖራል።

«ተነሥ» አልሁት። «ልጅህን ጥራው። እዚህ መሀል አቁመውና፣ በሷ ፊት፣ በነዚህ ሽማግሌዎች ፊት፣ ‹የባርያ ዘር ናትና አላጋባህም› በለው። ባማርኛ። ጮክ ብለህ።»