የአንድ ሰዓት ከሩብ በረራ

በዓለም ሰሜን ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ አውሮፕላን ማረፊያዎች የሚለያቸው ሦስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው። በብርዱ ወራት የመኪናው መንገድ ስለሚዘጋ ያለችው አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ናት፤ ንፋሱን እየታገለች አንድ ሰዓት ከሩብ ትፈጃለች። ለበረዶ ጠራጊው ይህቺው ናት የሥራ ሰዓቱ። አውሮፕላኗ ከወዲያ ስትነሣ እሱ ከወዲህ የጠራጊውን መኪና ሞተር ያስነሣል። ማኮብኮቢያውን ቀድሞ ቢጠርግማ ውኃ በወንፊት ነው፤ በረዶው ወዲያው መልሶ ይሞላዋል።

የዛሬዋ በረራ ግን ሌላ ናት። ባለቤቱ ወገቧን ታክማ ከአራት ወር በኋላ ወደ ቤቷ እየመጣች ነው። እሷ ደግሞ አውሮፕላን ከምትሳፈር እሾህ ላይ ብትተኛ ትመርጣለች።

"ስማኝ፣ አንዴ እጨክናለሁ" አለችው ጠዋት ደውላ። "ከመንገድ ከመለሱኝ ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ድጋሚ አልሳፈርም። መንገዱ እስኪከፈት እህቴ ጋ ነኝ።"

መንገዱ የሚከፈተው በበጋ ነው። ሰውዬው ብቻውን ሻይ እያፈላ፣ ከማንቆርቆሪያው ጋር እያወራ ከርሟል፤ እስከ በጋ የሚችል አንጀት አልነበረውም።

ገና ግማሹን እንደጠረገ የማማዋ ተቆጣጣሪ በሬዲዮ ጮኸች።

"ጋሼ፣ ፍጠን! ንፋሱ ዛሬ ዞሮ ከኋላ እየገፋቸው ነው፤ በሃምሳ ደቂቃ ደረሱብን!"

"አንቺ ልጅ፣ አትቀልጂ!"

"ምን ቀልድ አለው፣ ቀና ብለህ እይ!"

ቀና አለ። አውሮፕላኗ በላዩ አልፋ ደመናው ውስጥ ገባች። በቃ፣ ማኮብኮቢያው አልተጠረገም ብለው ተመለሱ! ስንቱን አውሮፕላን ሲቀበል የኖረ ሰው፣ ንፋሱ ሲዞር የሱም ጭንቅላት አብሮ ዞረና መኪናውን ማኮብኮቢያው መሃል አቁሞ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወይ ጉድ! እንግዲህ ይህ የማልቀሻ ቦታ ነው?

"ጋሼ! ምን ተጎልተህ ነው?" ተቆጣጣሪዋ ድምጿ ተሰነጠቀ። "አብራሪው ንፋሱን ፊት ለፊት አድርጎ ለማረፍ እየዞረ እኮ ነው! እንዲያ ካረፍኩ ቶሎ እቆማለሁ፣ የተጠረገው ግማሽ ይበቃኛል ብሏል። አንተ ብቻ ውጣለት!"

እንባውን ሳይጠርግ መሪውን ጠመዘዘና መኪናውን ዳር ካለው የበረዶ ክምር ውስጥ ቀበረው። አውሮፕላኗ መሬት ነካች፣ ተንሸራተተች፣ የሱም ነፍስ አብራ ተንሸራተተች። ያልተጠረገው ጋ ሳትደርስ ቆመች።

ባለቤቱ ደረጃውን በራሷ እግር ወረደች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሮጦ አቀፋት፤ ሳቁና ለቅሶው ተደባለቁበት። እሷ ግን የስንት ዘመን ሚስት አይደለች? በትከሻው አሻግራ ማኮብኮቢያውን ቃኘች።

"አንተ ሰነፍ! ግማሹን ብቻ ነው እንዴ የጠረግከው?"

"ንፋሱ አስቸኩሎ አመጣችሁ፣ ምን ላድርግ?"

"ንፋሱ ምን ቤት ነው?" አለች እጁን ጥብቅ አድርጋ ይዛ። "የቸኮልኩት እኔ ነኝ።"