በሬ የማይጠመድባቸው ቀናት

የቄስ ልጅ ሆኜ እንዲህ መሳሳቴን ማውራት ያሳፍረኛል፤ አሁን ግን ስለተገላገልኩ ላውራው።

ከደምበጫ የማስተማር ሥራዬ የሁለት ዓመት ፈቃድ ወስጄ ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። የማጠናው የጥንት ሮማውያንና የመካከለኛው ዘመን የጎጃም ገበሬዎች እንዴት ያርሱና ይኖሩ እንደነበር ነው። የጥናቴ ዋልታ አንድ የድሮ ብራና ነው፤ አንድ ጥንድ በሬ ላለው ገበሬ አሥራ ስምንት ጥማድ መሬት ይሰጠው ይላል። ጥማድ ማለት ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። ሮማውያንም መሬት የሚለኩት እንደዚያው ነበር፤ ይህን ሳውቅ ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ አጣሁ። የእርሻ መጽሐፋቸው ለዝናብና ለበዓል ከዓመቱ አርባ አምስት ቀን ይቀንሳል። አንድ ጥማድ ተደጋግሞ ታርሶ እስኪዘራ ደግሞ አሥር ቀን ያህል የበሬ ሥራ ይፈጃል። እኔም ያንኑ አርባ አምስት ቀን ቀንሼ ሳሰላው የእኛ ገበሬ ሠላሳ ሦስት ጥማድ ማረስ የሚችል ሆኖ ተገኘ።

አማካሪዬ ዶክተር አምደሚካኤል አልተዋጠላቸውም። ወይ ብራናውን በትክክል አላነበብሽውም፣ ወይ ስሌትሽ ተሳስቷል አሉኝ። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ምዕራፉ ከጥናቱ ይወጣል፤ ምዕራፉ ከወጣ ዘንድሮ አልመረቅም፤ ፈቃዴ ደግሞ አይራዘምም። የሁለት ዓመት ልፋቴን ውሃ ሊበላው ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት አሥራ ስድስት፣ ደብረ ኤልያስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ ቄስ አድማሴ ቀዳሽም አራሽም ናቸው። በሬዎቻቸው በቀን የሚያርሱትን በገመድ ልለካ አስቤ ነበር። ስደርስ በሬዎቹ ጓሮ ተኝተው ያመሰኳሉ፤ አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጅ ተቀምጠዋል። መሬቱ ርሷል፣ ሰማዩም ጠርቷል። የእኔ ቀን እየሮጠ እሳቸው መቀመጣቸው አናደደኝ፤ ለምን እንደማያርሱ ቆጣ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ዛሬ እኮ ኪዳነ ምሕረት ናት» አሉኝ። «ደብረ ማርቆስ በዓል ቀረ እንዴ?»

ክው አልኩ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ደብተሬን አወጣሁና በወር ውስጥ በሬ የማይጠመድባቸውን ቀናት እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። አቦን፣ ሥላሴን፣ ሚካኤልን ብለው እስከ በዓለ ወልድ ወረዱልኝ፤ ቅዳሜንና እሑድንም ጨመሩ። ከወሩ የሚተርፈው አሥራ አምስት ቀን ያህል ብቻ ሆነ። በስልኬ እንደገና ሳሰላው ወደ አሥራ ዘጠኝ ጥማድ መጣ።

ዶክተሩ ጋ ስደውል ያኔም እንዲህ ይከበር እንደነበር በምን ታውቂያለሽ አሉ። ይሄኔ ነው ይበልጥ ያፈርኩት። የብራናው ቀጣይ ቅጠል የሚከበሩትን ቀናት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ፎቶ አንስቼው ነበር፤ ግን ይህንንማ የማያውቅ ማን አለ ብዬ ሳልተረጉም አለፍኩት። ፎቶውን ላክሁላቸውና መልሳቸውን እስክሰማ ድረስ ግቢውን ስዞር ቆየሁ።

«ምዕራፉ አይወጣም» አሉኝ መልሰው ሲደውሉ። «ዓርብ አስገቢ።»

ከላዬ ላይ ሸክም ወረደልኝ። እንባዬ መጣ፣ ሳቄም አብሮ መጣ። አባቴ ደንግጠው ምን ሆንሽ አሉኝ፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«እና ሁለት ዓመት ሙሉ የተማርሽው ገበሬ በበዓል እንደማያርስ ለማወቅ ነው?»

«አዎ አባዬ» አልኳቸው። «አሁን ገና አወቅሁት።»