አክስቴ፣ ሻይ ይጠጡ

ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይባላል። ባሌ ፌንግ ሹቼን ሁለቱም የደረሱበት ሰው ነው። ሥራው ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ የሰው አፍ ለምን እንደሚያመልጥ ማጥናት ነው። በቻይናዋ ባኦዲንግ ከተማ እንጀራው ይኸው ነው።

ሳንጋባ በፊት፣ እንደ አገራችን ወግ፣ እናቴን ለስምንት ዓመት «አክስቴ» ሲላት ኖሯል። በሠርጉ ቀን ግን ሙሽራ ተንበርክኮ ሻይ ያቀርብና የሚስቱን እናት «እማዬ» ይላል፤ ካላለ ሻዩ አይነካም። እናቴ ሠርጋችንን የጠበቀችው ለዚያች ቃል ነው። የአባቴ እህቶች «ወንድ ያልወለደች» እያሉ ሲያሽሟጥጧት ነው ያረጀችው። ሁሉንም ከመድረኩ ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው፣ በጆሯቸው እንዲሰሙ።

ሹቼን አልሰነፈም፤ ሳምንቱን ሙሉ ተለማመደ። የታክሲ ሹፌሩን «እማዬ» አለው። ኑድል ሻጯን «እማዬ» ብሎ ከባሏ ዱላ ለጥቂት ተረፈ። አለቃውንም በስብሰባ መሃል እንደዚያው ጠራው፤ ሰውየው «አቤት» ብሎ ስብሰባውን ቀጠለ።

ቀኑ ደረሰ። እናቴና እናቱ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሹቼን እናቴ ፊት ተንበርክኮ ሲኒውን በሁለት እጁ ዘረጋ።

«አክስቴ፣ ሻይ ይጠጡ።»

እናቴ እጇን ከጭኗ ላይ አላነሳችም። ከአባቴ እህቶች ታላቋ የሱፍ ፍሬ በጥርሷ ስትፈለፍል ይሰማል። ደገመ፤ አሁንም አክስቴ። ሠለሰ፤ ያው። ላቡ ከመላጣው ይንቆረቆራል። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ማይክሮፎኑን ተቀብሎ፣ እንደተንበረከከ፣ ለእንግዳው ማስረዳት ጀመረ። ሁለት ቃላት በአንድ በር ሊወጡ ሲጋፉ፣ መንገዱን የለመደው ይቀድማል አለ። ተገፍቶ የቀረው ግን አይጠፋም፣ ቀጥሎ በሚከፈተው በር ይወጣል። እንግዳው አጨበጨበ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ጨረስክ፣ መምህር ፌንግ?» አለች እናቴ። «ሻዩ ቀዘቀዘ።»

ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ይህቺ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ስትቆጣ የኖረች ትኬት ቆራጭ ናት፤ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼ አላውቅም። አንጀቴን በላችው። ሹቼንም ቀና ብሎ አያት፤ ማይክሮፎኑን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እማዬ» አለ። «እማዬ፣ ሻይ ጠጪልኝ።»

ከነቅጠሉ ጨለጠችው።

እሱም እፎይ ብሎ፣ ፊቱ በርቶ፣ ወደ ወላጅ እናቱ ዞረና ሁለተኛውን ሲኒ ዘረጋ።

«አክስቴ፣ ሻይ ይጠጡ።»

እናቱ መጀመሪያ ሲኒውን፣ ቀጥሎ እሱን አየች። «ዘጠኝ ወር የተሸከምኩህ ይሄን ልትለኝ ነው?» አለችው።

ሹቼን እንደገና ሊያስረዳ ወደ ማይክሮፎኑ እጁን ሲሰድ እናቴ ቀደመችው። ጎኗ ለተቀመጠችው ለሹቼን እናት በሹክሹክታ መናገር ትችል ነበር። እሷ ግን ፊቷን ወደ አባቴ እህቶች አዙራ ማይክሮፎኑን ወደ ከንፈሯ አስጠጋች።

«እህቴ፣ ይቅር በይልኝ» አለቻት የሹቼንን እናት። «ልጄ አፉ አምልጦት ነው።»

የሱፍ ፍሬው ድምፅ ጠፋ።