የአፍንጫዋ ጥግ

ደግሞ በጥፍር፣ በዚያ ቀለም በተቀባ ጥፍር፣ ትንሽ ብዘገይ አፍንጫዋን ልጣ ልትጨርሰው ነበር፣ ነገ ጠዋት ካሜራ ፊት ተቀምጣ ዜና የምታነብ ልጅ፣ ያን ሁሉ ተወዳዳሪ አልፋ ለመጨረሻው ፈተና የተጠራች ልጅ፣ መታጠቢያ ቤት ቆልፋ ጥቁር ነጥብ ታፈርጣለች። ውጪ፣ ውጪና እዚህ ተጋደሚ። እማ፣ በካሜራ እኮ ሁሉም ነገር ገዝፎ ነው የሚታየው። ይገዝፋል፣ ያበጠ አፍንጫ ደግሞ የባሰ ይገዝፋል፣ ተጋደሚ ብያለሁ።

ትጋደማለች። ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ይከብዳል፣ መቼ ነው እንዲህ የከበደችው።

እጄ ታጥቧል፣ የሷም ፊት በለስላሳ ሳሙና ታጥቧል፣ አሁን ፎጣው፣ ውኃው ለብ ያለ እንጂ የሚፋጅ አይደለም፣ ነክሬ ጨምቄ መጀመሪያ የራሴ ክንድ ላይ፣ ደህና፣ ከዚያ አፍንጫዋ ላይ። ይረፍ። በአንድ ሳፋ ተነስቼ ላውንደሪ የከፈትኩ ሴት ነኝ፣ እድፍ በጉልበት እንደማይለቅ ማንም አይነግረኝም፣ ልብሱን የሚያበላሸው ያፈሰሰበት ሰው ራሱ ነው፣ ቸኩሎ እየፈተገ ክሩ ውስጥ ያስገባውና ተሸክሞልኝ ይመጣል፣ እትዬ፣ መቼም እርስዎ ያውቁበታል። አዎ፣ አውቅበታለሁ።

እማ፣ ሎሚ ብቀባበትስ። አይሆንም፣ ያቃጥልሻል። ጓደኛዬ ደግሞ የጥርስ ሳሙና አድርጊበት ብላኛለች። ጓደኛሽ ጥርስና አፍንጫ ካልለየች ምን ላድርጋት። ትስቃለች፣ አትሳቂ፣ ፎጣው ይወድቃል። ፋርማሲስቷ የሰጠቻት ሳሊሲሊክ አሲድ ያለው ቅባት ይበቃታል፣ ቆዳዋም ለምዶታል፣ ቀስ እያለ ያጠራዋል ተብሏል፣ አዲስ ነገር በፈተና ዋዜማ አይሞከርም፣ የሙሽራ ልብስ ላይ አዲስ የሳሙና ዱቄት ሞክሬ አላውቅም።

ፎጣው ይነሳ። ንጹሕ ጨርቅ ጣቶቼ ላይ ጠቅልዬ፣ ጥፍር የለም፣ ከዳርና ከዳር ለስለስ አድርጌ ጫን፣ ይቺ ወጣች፣ ይቺም፣ ያቺኛዋማ ሳልነካት መጣች ማለት ይቻላል፣ ያመረረ ነገር ሁሉ መንገዱን ካወቁለት ገር ነው። ጥጉ ላይ ያለችው ግን።

አትወጣም። እንደገና። አትወጣም፣ ምን ቆርጧት፣ ከእኔ እጅ እድፍ ተርፎ ተመልሶ አያውቅም፣ የወይን ጠጅ፣ የማሽን ዘይት፣ የሚስማር ዝገት ሁሉ እጅ ሰጥቶኛል፣ ይቺ የሰሊጥ ቅንጣት የማታህል ነገር ትገዳደረኛለች፣ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ጠበቅ ባደርጋት

ትከሻዋ ይሸማቀቃል። አላቃሰተችም፣ አይኗን ጨፍና የቀሚሴን ጫፍ ጨብጣለች፣ ከዚህ በላይ ብጫን ዝም ትለኛለች፣ እናቴ ታውቃለች ብላ፣ እኔስ የማውቀው ጨርቅ ነው። ሸሚዝ ቢቀደድ እሰፋዋለሁ፣ ካልሆነም እከፍላለሁ፣ ይሄን ፊት በምን እከፍላለሁ።

እጄን አነሳለሁ። ቀዝቀዝ ያለ ጨርቅ፣ ከዚያ የማይወዛ ስስ ቅባት፣ አለቀ።

ወጣልኝ? አንዷ ቀርታለች። አንቺ ነሽ አንድ አስቀርተሽ የምትነሺው? አዎ፣ እኔ ነኝ። ብትታይስ እማ? ትታይ፣ ዜናውን የምታነቢው አንቺ ነሽ፣ እሷ አይደለችም፣ ይልቅ ተነሽና አንብቢልኝ።

ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ እኔ ጥጉን አያለሁ፣ እጄ ይበላኛል፣ ሂድ ሂድ ይለኛል፣ አርፈህ ተቀመጥ እለዋለሁ፣ ስለ ጎርፍ ነው የምታነበው፣ ድልድይ ተሰብሮ ሰው ወዲያና ወዲህ ማዶ ቀርቷል፣ አትቸኩልም፣ እዚህ ጋ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፣ ይቺን ማን አስተማራት፣ አንዲት እናት ከወዲያ ማዶ ናት፣ ልጆቿ ከወዲህ፣ ታዲያ ጀልባው ደረሰ ወይስ አልደረሰም፣ ደርሷል፣ ተመስገን፣ ወረቀቱን ታስቀምጥና ታየኛለች፣ እሺ እማ፣ ይታያል? ምኑ? ነጥቧ ነዋ። አፍንጫዋን አያለሁ፣ በግራ በኩል ነበረች፣ ወይስ በቀኝ